ካርፕ በኪሎ ወይስ በሰዓት?

የዓሣ ነጋዴ ዓሣን የሚያውቀው በሚዛን ነው። ቆሮሶ ከሆነ ይህን ያህል፣ አምባዛ ከሆነ ያን ያህል፣ ፊሌቶ ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ይህን ያህል ጭማሪ አለው ብሎ ያሰላል። ካርፕ ላይ ሲደርስ ግን ግንባሩን ቋጠር ያደርጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ካርፕ በሥጋው መሐል እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። ፊሌቶ የሚያወጣው ሠራተኛ ጊዜ ይፈጅበታል፣ የሆቴሉ ወጥ ቤት ያጉረመርማል፣ ልጆች ያሉት ደንበኛም ቆሮሶውን ይመርጣል። ስለዚህ ካርፕ በዓሣ ገበያ ላይ የመጀመሪያ ተመራጭ ሆኖ አያውቅም።

ይኸው ዓሣ በሌላ አገር በሌላ መለኪያ ይሸጣል። በኪሎ ሳይሆን በሰዓትና በቀን ማለት ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሥጋው ሳይሆን ዓሣውን ለመያዝ ለሚያደርገው ግብግብ ነው። ሥራው በፈረንጆቹ አጠራር «ፍላይ ፊሺንግ» ይባላል፣ በእኛ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ብንለው ያስኬዳል። የካርፕ መረብ በሚጣልባቸው የእኛ ሐይቆች ላይ ይህ ንግድ ያዋጣ እንደሆነ ለማወቅ፣ በቅድሚያ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። አንዳንድ ባለ ገንዘቦች ሐይቅ ዳር ሎጅ ከሠሩ በኋላ «እንግዳው ምን ሲሠራ ይዋል?» ብለው ሲጠይቁ ይሰማልና ጉዳዩ የመዝናኛ ወሬ ብቻ አይደለም።

ዝንቡ ምንድን ነው?

በተለመደው መንጠቆ ላይ ትል ወይም ሊጥ ይሰካል፣ ከክሩ ጋር የታሰረው እርሳስ ደግሞ ክብደት ሆኖ መንጠቆውን ይዞት ይሄዳል። በዝንብ ማጥመድ ግን መንጠቆው ላይ የሚታሰረው ላባ፣ ፀጉርና ክር ሆኖ ነፍሳትን ወይም የውሃ ውስጥ ትል እንዲመስል የተሠራ ነገር ነው። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፣ ቢወረውሩት እግር ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ክብደቱ የተሰጠው ለክሩ ነው። ወፍራሙ ክር ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ከዚያ በዘንጉ ጉልበት ወደ ፊት ይላካል፣ ዝንቡም ተከትሎ ይሄዳል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ ይህኛው ጅራፍ መጮህ የሌለበት መሆኑ ነው።

ለካርፕ የሚመረጠው ዘንግ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ70 ገደማ ሲሆን በባለሙያዎቹ አመዳደብ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ቁጥር ነው። ክር መጠቅለያው ፍሬን ሊኖረው ይገባል፣ ከወፍራሙ ክር ኋላም ብዙ ሜትር መጠባበቂያ ክር መጠቅለል አለበት። ካርፕ ከተያዘ በኋላ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ዓሣ አይደለም። እንግዳው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ካርፕ ሲበላ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ ጭቃውን ይስባል፣ የሚበላውን ይለያል፣ የማይበላውን ይተፋል። በመንጋጋው ጥርስ የለውም፣ የሚፈጨው ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው። ውሃው ጥልቀት ከሌለው በዚህ ጊዜ ጭራው ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። አጥማጁ የሚፈልገው ይህንን ምልክት ነው። ዝንቡን በጸጥታ ከዓሣው አፍ አጠገብ ያሳርፋል። ካርፑ ይስበዋል፣ ሐሰት መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ በዓይን ጥቅሻ ይተፋዋል። ብዙ ጊዜ ክሩ ላይ የሚሰማ መጎተት የለም። አጥማጁ ዓሣው ራሱን ዘንበል ሲያደርግ ወይም ነጩ ከንፈር ከፈት ሲል አይቶ ነው ዘንጉን የሚያነሳው።

ከዚህ የምንረዳው ለገበያው ወሳኝ የሆነ ነገር አለ። የሚሸጠው «ማየት» ነው። ዓሣው በሐይቁ ውስጥ መብዛቱ ብቻውን ዋጋ አያወጣም፤ እንግዳው ከጀልባው ላይ ሆኖ ዓሣውን ካላየው የሚሸጥ ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር ጆሮው ነው። የካርፕ ወገን የሆኑ ዓሦች የሆዳቸውን የአየር ከረጢት ከጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች አሏቸው። ስለዚህ መቅዘፊያ ከጀልባ ጋር ሲጋጭ ይሰማሉ። ከዚህም በላይ የአንዱ ቆዳ ሲቆስል ወደ ውሃው የሚወጣው ንጥረ ነገር ሌሎቹን ያስደነግጣል። አንድ ዓሣ ከተያዘበት ቦታ የቀሩት ይበተናሉ፣ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ይሆናል። በመሆኑም የዚህ ንግድ ካፒታል የዓሣው ቁጥር ሳይሆን ጸጥ ያለ የሐይቅ ዳርቻ ርዝመት ነው። ሎጅ ሠርቶ ሐምሳ ሜትር ዳርቻ በማጠር የሚሆን ነገር አይደለም።

የተናቀው ዓሣ ዋጋ እንዴት ወጣለት?

ካርፕ አሜሪካ የገባው በመንግሥት እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 የዓሣ ኮሚሽኑ 345 ካርፖች ከጀርመን አስመጥቶ ባልቲሞር በሚገኝ ኩሬ ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ተራብተው በየክፍለ አገሩ ታደሉ። ዕቅዱ ለገበሬው ርካሽ ምግብ ማቅረብ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ሥጋውን አልወደደውም፣ ዓሣው ደግሞ ውሃ እያደፈረሰና የውሃ ተክል እየነቀለ ተስፋፋ። ለረጅም ዘመንም የቆሻሻ ዓሣ ተብሎ ተናቀ።

እንግሊዞች ቀድመው ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሪቻርድ ዎከር የተባለ አጥማጅ ሬድማየር በተባለው ኩሬ 20 ኪሎ ያህል የሚመዝን ካርፕ በመንጠቆ ያዘ። ዓሣው አልታረደም። ወደ ለንደን የአራዊት መጠበቂያ ተወስዶ ሕዝብ እንዲያየው ተደረገ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የካርፕ ኩሬ ያለው ሰው ዓሣ አይሸጥም፤ የቀን ፈቃድ ይሸጣል። አንዱ ትልቅ ካርፕ ይያዛል፣ ይመዘናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይለቀቃል፣ ለሌላ ደንበኛ ደግሞ እንደገና ይሸጣል። የከብት ነጋዴ ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም።

ለእኛ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የሚቺጋን ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ በመርከቦች ውሃ ተጭነው የገቡ ባለ ቅርፊት ትንንሽ የውሃ ፍጡራን በታላላቆቹ ሐይቆች ተራቡ። ውሃውን እያጣሩ የሚመገቡ በመሆናቸው ለሌላው ዓሣ የሚሆነውን ምግብ ቢቀንሱም ውሃውን አጠሩት። በቢቨር ደሴት ዙሪያ ባሉት ጥልቀት የሌላቸው ዳርቻዎች ካርፕ እንደ ልብ ይታይ ጀመር። መሪና ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎችም ከዚያ ገበያ አወጡ። ቁም ነገሩ ያው ነው፤ ውሃው ሲጠራ የሚሸጥ ነገር ተገኘ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዴንቨር ከተማ መሐል የሚያልፈው የሳውዝ ፕላት ወንዝም እንዲሁ ነው። ከፋብሪካና ከመንገድ ሥር በሚፈሰው ውሃ ላይ «ካርፕ ስላም» የሚባል የዝንብ ማጥመድ ውድድር ይካሄዳል፣ ገቢውም ወንዙን ለማሻሻል ይውላል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ድልድዩ ላይ ሲያልፉ ዘንግ ይዞ የቆመውን ሰው አይተው «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ተገርመው ይሆናል።

የእኛው ካርፕ

ካርፕ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ተጨመረ። አባ ሳሙኤል የአቃቂ ወንዝ ግድብ ሲሆን አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ ቆቃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽ ላይ ተሠርቶ የተጠናቀቀ ግድብ በመሆኑ ዓሣው መንገድ አላጣም። በኋላም የሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩት ዓሣ ለግድብና ለኩሬ ሲያከፋፍል ካርፕ አንዱ ነበር። ዝዋይ ሐይቅም ካርፕ አለው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በዝዋይ አስጋሪዎች መረብ ውስጥ የካርፕ ድርሻ እየጨመረ፣ የቆሮሶው እየቀነሰ ሄዷል። ጎረቤታችን ኬንያም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። በናይቫሻ ሐይቅ ካርፕ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የሐይቁ ዋና ምርት ሆነ።

የዝዋይ አስጋሪ ችግር እዚህ ላይ ነው። መረቡ አልጎደለም፤ በውስጡ ያለው ግን ገዢ የሚመርጠው ዓሣ አይደለም። በሁዳዴ ገበያው ሲሞቅ ካርፑም አብሮ ይሸጣል። ፋሲካ አልፎ ልኳንዳው ሲከፈት መጀመሪያ የሚተወው እሱ ነው።

እንግዲህ የትኛው ውሃ ለዝንብ ያዋጣል? አባ ሳሙኤል ለአዲስ አበባ የቀረበ በመሆኑ አንዳንዱ ያስበው ይሆናል። የከተማውና የፋብሪካው ፍሳሽ የሚወርድበት ውሃ ስለሆነ ከዝርዝሩ መሰረዝ አለበት፤ ከዚያ የሚወጣ ዓሣ ወደ ማዕድ ባይቀርብ ይሻላል። ቆቃ ሰፊና ዓሣ ያለበት ነው፤ ነገር ግን አዋሽ ይዞት የሚመጣው አፈር ውሃውን ያደፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚታወቀው እምቦጭም አለ። አዞና ጉማሬም አሉበት። ዘንግ የያዘ እንግዳ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዲያጠምድ መፍቀድ የሰው ሕይወት መቀለጃ ማድረግ ነው።

ዝዋይ ወደ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ጥልቀት የሌለው መሆኑ ካርፕ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ጉዳቱ ነፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጥልቀት የሌለው ውሃ ከሥሩ ይናጣል፣ ይደፈርሳል። ክረምት ላይ መቂና ቀታር ደለል ይዘው ሲገቡ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሊሸጥ የሚችለው ጊዜ በበጋው ወራት ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ውሃው ውስጥ ስታበራና ነፋሱ ሳይነሳ ነው። የሚፈለገውም ከደሴቶቹ አጠገብና ከፊላው ጥግ ባለው የተከለለ ውሃ እንጂ በሐይቁ መሐል አይደለም። በሐይቁ ዳር የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለና ጉማሬም ስለሚገኝ በእግር መግባት ክልክል መሆን አለበት፤ ሁሉም ነገር ከጀልባ ነው።

እንደ ሚቺጋን ያለ ጥርት ያለ ውሃ አለ ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ገንዘብ እንዲመልስ ይገደዳል። «ደፍረስ ያለ ውሃ፣ ጭራና አረፋ እየታየ የሚጠመድበት» ብሎ የሚጽፈው ግን ደንበኛውን አያጣም። ካርፕ ጭቃ ሲቆፍር የሚወጣው አረፋ ለለመደ ዓይን በቂ ምልክት ነው።

ሒሳቡ

የዝዋይ አስጋሪ ብዙ ጊዜ መረቡን ማታ ይጥላል፣ ጎሕ ሲቀድ ያነሳል። ዓሣው ለተረካቢው ከተሰጠ በኋላ ጀልባው ቆሞ ይውላል። እንግዳው የሚፈልገው ሰዓት ደግሞ ጀልባው የቆመበት ሰዓት ነው። ይህን ያስተዋለ ነጋዴ አዲስ ጀልባ መግዛት አያስፈልገውም። ያለውን ለአራት ሰዓት መከራየት ይበቃዋል።

ለሒሳብ ያህል አንድ እንግዳ በአንድ ጧት ሁለት ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ካርፖች ያዘ እንበል። በሚዛን ስድስት ኪሎ ነው። አንባቢ የሰሞኑን የሐይቅ ዳር ዋጋ በስድስት ያባዛና ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጀልባና ለአንድ መሪ የሚከፈለውን የግማሽ ቀን ክፍያ ከጎኑ ያስቀምጥ። ክፍያው ከስድስት ኪሎው ዋጋ በታች ከሆነ ሥራው ለአስጋሪው ልፋት ብቻ ነው። የአገር አስጎብኚ ድርጅት ለአንድ የጀልባ ሽርሽር የሚያስከፍለውን የሚያውቅ ሰው ግን በታች እንደማይሆን ይገምታል።

እንግሊዝ ከሚሠራበት የምንለይበት ነገርም አለ። እዚያ ዓሣው ይለቀቃል። ዝዋይ ላይ ካርፕ መጤ ነው፣ ቆሮሶ የሚራባበትን የውሃ ተክል የሚነቅልም እሱ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ካርፕ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል ሦስት ዓሣ ቢወጣ ሐይቁ አይጎዳም። ስለዚህ እንግዳው ግብግቡን ገዝቶ ፎቶውን ይነሳል፣ ዓሣውን አስጋሪው ወስዶ ያስመዝናል። አንዱ ዓሣ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው። ይህ አሠራር ለአንዳንድ አውሮፓዊ ደንበኛ ላይጥመው ይችላልና ቀድሞ መነገር አለበት። በእኔ ግምት ስምንትና ዐሥር ኪሎ የሚሆነው ትልቅ ካርፕ ብቻ ቢለቀቅ ይሻላል፤ የሚቀጥለውን ደንበኛ የሚያመጣው የእሱ ፎቶ ነው።

ጊዜውም ይስማማል። ከገና በኋላ ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ የዓሣ ገበያ ቀዝቃዛ ነው። ያው ወቅት ዝናብ የሌለበት፣ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳና ከውጭ አገር የሚገባው ወገናችን የሚበዛበት ነው። በዝንብ የሚያጠምድ ፈረንጅ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በባሌ ተራሮች በወይብና በዳንካ ወንዞች ከኬንያ መጥተው የተጨመሩ ትራውት ዓሦች ስላሉ ለእነሱ ሲል ዘንጉን ይዞ የሚመጣ አለ። በሻሸመኔ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዝ መኪና ዝዋይ ከተማ ውስጥ ያልፋል። ለዚህ እንግዳ በመንገዱ ላይ አንድ ጧት መሸጥ ከለንደን አዲስ እንግዳ ከመጥራት እጅግ ይቀላል። የመንገዱ ጸጥታ አስተማማኝ በሆነበት ጊዜ ማለቴ ነው።

ስለ ዕቃውም ጥቂት ልበል። ዘንግ ከውጭ ለማስገባት ኤልሲ መክፈት አያስፈልግም፣ እንግዳው የራሱን ይዞ ይመጣል። የሚያልቅበት ዝንቡ ነው። ኬንያ ውስጥ ዝንብ ማሰር ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ሆኖ ምርቱ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ይሸጣል። ውሃ ላይ ለሚንሳፈፈው ዓይነት ለዚሁ ተብለው የሚረቡ አውራ ዶሮዎች ላባ ያስፈልጋል። ካርፕ የሚበላው ግን የሚሰጥመውን ነው። ለእሱ ለስላሳ የዶሮ ላባ፣ የበግ ፀጉርና ክር ይበቃል። ከዚህ የሚጎድለን መንጠቆው ብቻ ነው። ላባውን እየጣልነው ነው። ጥልፍ የለመደ እጅ ያለው ሰው በጥቂት ቀናት ይማረዋል። ለኤክስፖርት የሚያስብ ነጋዴ ይህችን ጉዳይ ከሐይቁ ለይቶ ቢያያት አይጎዳም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ ደላላው ጋ ነው። እንግዳው ሆቴል ውስጥ ይገኛል፣ ጀልባው ሐይቅ ዳር ነው፣ በመሐል ያለው ሰው ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ይህ በሁሉም ንግድ ያለ ነው። እዚህ ላይ የሚለየው አስጋሪው የመበቀያ መንገድ ያለው መሆኑ ነው። ከክፍያው ያልደረሰው ማኅበርተኛ መረቡን ማታ በዚያው በፊላው ጥግ ይጥላል፣ ጧት እንግዳው ሲደርስ ካርፑ ተይዞ ወይም ተበትኖ ያገኘዋል። ሕገ ወጥ ሥራ አልሠራም፣ የሚከሰስበት ነገር የለም። ስለዚህ ገንዘቡ የሚጀመረው ከአስጋሪዎች ማኅበር ጋር በሚደረግ የጽሑፍ ስምምነት ነው። የትኛው ዳርቻ በየትኞቹ ቀናት መረብ እንደማይጣልበት፣ ለዚያም በቀን ስንት እንደሚከፈል፣ ክፍያው እንግዳ ባይመጣም ይከፈል እንደሆነ መጻፍ አለበት። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። እሱንና የክልሉን ደንብ አንብቦ፣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቆ ነው ጀልባ የሚነሳው። አዲስ ካርፕ ከሌላ ውሃ አምጥቶ ሐይቅ ውስጥ መጨመር የሚያስብ ካለ ሐሳቡን ይተው፤ አባ ሳሙኤል ላይ የተጨመረው የት እንደደረሰ አይተናል።

ለሙከራ የሚያስፈልገው አንድ ጀልባ፣ የሕይወት መንሳፈፊያ ጃኬት ለሦስት ሰው፣ ጨረር የሚከለክል መነጽርና በጥር ወር ዐሥር ጧቶች ናቸው። በየጧቱ ስንት ጭራ እንደታየ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደተነሳ በደብተር ይያዝ። ከዐሥሩ ጧቶች በስድስቱ ዓሣ ካልታየ ጀልባው ወደ መረቡ ይመለስ፣ የጠፋው የዐሥር ቀን ኪራይ ብቻ ነው።